የእግር ቆዳ ዕለታዊ እንክብካቤ እና የዝሆኔ ሕመም

ቆዳን በደረቅ ብሩሽ ወይም በሻካራ ድንጋይ በየቀኑ ማሸት ጤና እንደሚሰጥ በተለያዩ መንገዶች ሲነገር ይሰማል። ማሸቱ የሞተውን የላይኛውን ቆዳ ያረግፋል። ከሰውነት መርዝ ያስወጣል የሚለው ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም። እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ደግሞ ይህን ፈጽሞ ሊያደርገው አይገባም። ዝሆኔ በሚያሰጋባቸው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ነዋሪ የሆነ ሰው ስለ እግሩ ቆዳ ማወቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ።

በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ይህ ዝሆኔ ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድና በመሥራት የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ውስጥ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆጣሉ፣ በሂደትም ይዘጋሉ። በጋይንትና በእስቴ መካከል የሚገኘው የጉና ተራራ ራሱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰቦች የሚደጋገመው ለአፈሩ ተጋላጭ የሚያደርግ የተፈጥሮ ዝንባሌ በዘር ስለሚወረስ ነው። ዝንባሌው ያለው ሰው እንኳ እግሩን ከአፈር ከጠበቀ አይታመምም፤ ስለዚህ ጋብቻን በዚህ ምክንያት መከልከል መሠረት የለውም።

መጀመሪያ የሚታዩት ምልክቶች የእግር ጣቶችና የውስጥ እግር ማሳከክና ማቃጠል፣ እንዲሁም አመሻሽ ላይ አብጦ ሌሊት ሲያርፍ የሚጎድል እግር ናቸው። በዚህ ደረጃ የተጀመረ እንክብካቤ እብጠቱን ሊመልሰው ይችላል። ከዘገየ ግን ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠነክራል፣ ኪንታሮት መሰል እባጮች ያወጣል። ከሁሉ የሚከፋው በድንገት የሚነሣው ትኩሳትና ብርቱ የእግር ሕመም ሲሆን፣ ታማሚውን ለቀናት ከሥራ ያውለዋል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች የተሳተፉበትና በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀለል ያለ የእግር እንክብካቤ ያገኙት ታማሚዎች በዓመት በአማካይ 19 ጊዜ ያህል ሲነሣባቸው፣ ገና ያላገኙት 24 ጊዜ ያህል ተነሥቶባቸዋል።

እንክብካቤው በየቀኑ የሚደረግ ነው። እግርን በንጹሕ ውሃና በሳሙና፣ በጣቶች መካከልና በቆዳ እጥፋቶች ውስጥ ጭምር፣ በእጅ ቀስ አድርጎ ማጠብ ያስፈልጋል። ለታማሚ እግር ጥቂት በረኪና የተጨመረበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም ይመከራል፤ የበረኪናውን መጠንና የመዘፍዘፊያውን ጊዜ የጤና ባለሙያ ያሳያል። ከዚያም ውሃውን በንጹሕ ጨርቅ፣ ሳይፈገፍጉ፣ መጥጦ ማንሣትና ቫዝሊን መቀባት ነው። ተቀምጦ ሳለ እግርን ከፍ ማድረግና ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ እብጠትን ይቀንሳል። ታማሚ ቆዳ በብሩሽ ወይም በድንጋይ ከታሸ ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ባክቴሪያም በዚያው ይገባና ትኩሳቱን ይቀሰቅሳል። ጤነኛ የደረቀ ተረከዝ ግን በውሃ ከለሰለሰ በኋላ በድንጋይ በቀስታ ሊታሽ ይችላል።

በበጋ ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀዬ የእግር መታጠቢያው ውሃ ቀድሞ የሚቀር መሆኑ የታወቀ ነው። ለዚህ ግን ብዙ ውሃ አያስፈልግም፤ አንድ ሳፋ ይበቃል።

ጫማ ሌላው ነገር ነው። በርካታ አርሶ አደሮች ጫማቸውን ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቀን አስቀምጠው ማሳቸውን በባዶ እግር ያርሳሉ። ከአፈር የሚጠብቀው ጫማ በእርሻ ላይ የሚደረገው ነው፤ በአርብ ገበያ የገበያ ቀን የሚደረገው ብቻውን አይበቃም። ልጆችም መራመድ ሲጀምሩ ጀምሮ ጫማ ሊያደርጉ ይገባል።

ምልክቱን ያየ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ወይም ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ነው። የእግር ማበጥ ሥጋ ደዌን ጨምሮ በሌሎች ምክንያቶችም ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያ መለየት ይኖርበታል። ትኩሳት፣ ብርቱ ሕመም ወይም የሚፈስ ቁስል ሲኖር ደግሞ ሳይዘገዩ በዚያው ቀን መሄድ ያስፈልጋል።