የቅዱስ ሩፋኤሉ አስከሬን የማን ነበር?

አፄ ኢዮአስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ጎንደር ላይ መገደላቸው አያከራክርም። የሚያከራክረው ሬሳቸው ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ እንደጻፈው ገዳዮቹ በድብቅ ቀበሯቸው፤ ራስ ሚካኤል በ1770 ወደ ትግራይ ሲያፈገፍጉ ደግሞ ባላንጣዎቻቸው ከቅዱስ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አንድ አስከሬን አወጡ። ፊቱ ይለይ ነበር፣ ጉንጩን ግን አውሬ በልቶታል ይላል ብሩስ። በሌላ በኩል እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጃቸውን በቁስቋም፣ ከአባቱ ከዳግማዊ ኢያሱ ጎን አሳረፉት ተብሎ ይተረካል። አንድ ንጉሥ፣ ሁለት መቃብር።

በእኔ አስተያየት ሁለቱ ምንጮች ቅደም ተከተላቸው ሲስተካከል ይደጋገፋሉ እንጂ አይጣሉም። ንጉሡ በ1769 በይፋ ቁስቋም ተቀብረው ቢሆን ኖሮ፣ በዓመቱ ሌላ ሬሳ አውጥቶ “ኢዮአስ ይህ ነው” የሚል ሰው ከተማው ውስጥ መሳቂያ በሆነ ነበር፤ ቁስቋም የጎንደር ጎረቤት ናት። ስለዚህ ሩፋኤል ይቀድማል፣ ቁስቋም ይከተላል። ይህ ከሆነ ደግሞ ዋናዋ ምስክር ምንትዋብ ይሆናሉ። በልጅነቱ ነግሦ 14 ዓመት ያህል በዙፋን ላይ ሲያድግ ያዩት ልጅ ነው ብለው ሌላ ሬሳ አምጥተው ቢያሳዩአቸው፣ በገዛ ልጃቸው አጠገብ ያስቀብሩታል ብሎ ማሰብ ይከብዳል።

ብሩስ አይታመንም የሚሉ አሉ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ወደ ዓባይ ምንጭ፣ ወደ ግሽ ዓባይ አብሮት የሄደውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ባሉጋኒን ከጉዞው በፊት ሞቷል ብሎ ጽፏል። ያ ውሸት ግን የሚያስገኝለት ጥቅም ነበረው፤ ክብሩን ለብቻው መውሰድ ፈልጓል። ከተበላ ጉንጭ ምን ያተርፋል? ደግሞም ጎንደር የገባው በየካቲት 1770 ስለሆነ ኢዮአስን በሕይወት አላያቸውም። ስለዚህ “ፊቱ ይለይ ነበር” የሚለው ቃል የእሱ ሊሆን አይችልም፤ ንጉሡን የሚያውቁ የጎንደር ሰዎች ፍርድ ነው። በአንጻሩ ንጉሡ በሻሽ ታንቀው ሞቱ የሚለው ትረካው እሱ ከመድረሱ ከወራት በፊት የሆነ ነገር በመሆኑ፣ እኔ ያን ያህል አልደገፍበትም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሬሳውን ያወጡት የሚካኤል ጠላቶች ናቸው፤ የትኛውም ሬሳ ለክሳቸው ይበጃቸዋል። ጥቅም እንደነበራቸው አልክድም። ሆኖም የሐሰት ሬሳ ምን መዘዝ እንዳለው ቤተ መንግሥቱ ያውቅ ነበር። አፄ ያዕቆብ በ1607 ጎል ላይ ከወደቁ በኋላ፣ በዓመቱ በደብረ ቢዘን አንድ ሰው “ያዕቆብ ነኝ” ብሎ ተነሣ፤ ቆስያለሁ እያለም ፊቱን ይሸፍን ነበር። የሞተ ንጉሥ ሬሳው በትክክል ካልታወቀ አስመሳይ ይነሣበታል። በአፄ ሱስንዮስ ዳግማዊ ስም አዲስ ንጉሥ ለማንገሥ ለተዘጋጁት መኳንንት ከዚህ የባሰ ስጋት አልነበረም፤ የሚያስፈልጋቸው እውነተኛው ኢዮአስ ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ፊት ይለያል ወይ የሚለው ጥርጣሬ ግን ይቀራል፤ በመካከሉ አንድ ሙሉ ክረምት አልፏልና። ለዚህም ነው ከጉንጩ ይልቅ የምንትዋብን ውሳኔ የማስቀድመው። ከሩፋኤል የወጣው ኢዮአስ ነው፤ በገዛ እጁ የገደላቸው ማን እንደሆነ ግን በዚህ ማስረጃ አይፈረድም።