ድምፅን የማጉላት ታሪክና የአሥር ኪሎ ጥያቄ

ታላቅ እኅቴ ለገና ወደ አገር ቤት ለመምጣት ስትሰናዳ ደውላ፣ «ወንድምዓለም፣ ከሻንጣዬ አሥር ኪሎ ትቼልሃለሁ፤ የምትፈልገውን እስከ ዓርብ አስታውቀኝ» አለችኝ። የምፈልገውንማ አውቅ ነበር። ለዓመታት ስመኘው የኖርሁት ጥሩ አምፕሊፋየርና፣ ከኮምፒውተር የሚወጣውን ቁጥር ወደ ድምፅ የሚመልስ መለወጫ፣ ማለት ነጋዴዎቹ «ዳክ» የሚሉት ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ግን ከአሥር ኪሎ ያልፋሉ። የሻጮቹን መግለጫ ባነብም ምርጫው ይበልጥ ጨለመብኝ፤ አንዱ «ሞቅ ያለ ድምፅ» ይላል፣ ሌላው «ሐር የመሰለ» ይላል። ልማዴ ነውና ነገሩ ሲጠናብኝ ወደ ታሪክ ሸሸሁ። አንባቢም እስቲ አብሮኝ ይምጣ።

እነዚህ ሁለት ዕቃዎች ዛሬ የሙዚቃ ልጆች ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም የስልክ ልጆች ናቸው። አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የሠራውን የመስተዋት ቱቦ፣ እኛ በራዲዮ ዘመን «ቫልቭ» ያልነውን፣ የስልክ መሐንዲሶች አሻሽለው በጥር 1915 ኒውዮርክን ከሳንፍራንሲስኮ አነጋገሩበት። ድምፁ በሽቦው ላይ እየደከመ ሲሄድ በመንገድ ላይ የተተከሉት ማጉያዎች ያበረቱታል። ነገር ግን እያንዳንዱ ማጉያ ድምፁን ሲያጎላ ጥቂት ያጣምመዋል። በአንድ ሽቦ ብዙ ንግግር በአንድነት ይላክ በተባለ ጊዜም ይህ መጣመም የአንዱን ንግግር ከሌላው እያደባለቀ መሐንዲሶቹን አስጨነቃቸው።

መፍትሔው የተገኘው በጀልባ ላይ ነው። ሃሮልድ ብላክ የተባለ የ29 ዓመት የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ነሐሴ 2 ቀን 1927 (እ.ኤ.አ.) ጠዋት የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራው ሲሄድ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለለት፤ ወረቀት ስላልያዘም በእጁ በነበረው የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባዶ ስፍራ ላይ ጻፈው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከማጉያው ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ቆንጥሮ፣ ገልብጦ፣ ወደ መግቢያው መመለስ። እንዲህ ሲደረግ ማጉያው የገዛ ስሕተቱን እየሰማ ያርማል። የሚከፈለው ዋጋ ጉልበት ነው፤ ማጉላቱ በቀነሰ መጠን መጣመሙም ይቀንሳል። ለማጉላት የተሠራ ዕቃ ጉልበቱን እንዲጥል ማድረግ በዚያ ዘመን እብደት መስሎ ሳይታይ አልቀረም። ብላክ በ1928 ያመለከተበትን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1937፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው።

ሐሳቡ ከስልክ ወደ ሳሎን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1947 ዊልያምሰን የተባለው መሐንዲስ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ማንም ቤቱ ሊገጣጥመው የሚችል የቫልቭ አምፕሊፋየር ንድፍ አወጣ፤ 15 ዋት፣ መጣመሙ ከአንድ ሺህ አንድ የማይበልጥ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። የመጀመሪያዎቹ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ግን ደረቅ ነበሩ፤ ሞገዱ ከአንዱ ትራንዚስተር ወደ ሌላው ሲሸጋገር መገጣጠሚያው ላይ ይሰናከል ነበርና። «ቫልቭ ነፍስ አለው፣ ትራንዚስተር በድን ነው» የሚለው ሐሜት በከፊል ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። የሰፈራችን ራዲዮ ጠጋኝ ጋሼ እስከ ዛሬ ይህንኑ ይላሉ፤ እኔም በፊታቸው አልከራከርም።

ክርክሩን ግን እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ፈትኖታል። የኳድ ኩባንያ ሦስት አምፕሊፋየሮች፣ የ1953ቱ የቫልቭ፣ የ1967ቱ የትራንዚስተርና የ1975ቱ አዲስ ንድፍ፣ ስማቸው ተሰውሮ ለአድማጮች ቀረቡ። አድማጮቹ ሊለዩአቸው አልቻሉም። እርግጥ ነው፣ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ እስካልተገፋ ድረስ ነው ይህ የሚሠራው። አቅም ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ከ20 ዋት ወደ 100 ዋት መዝለል የሚጨምረው 7 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ድምፅ እጥፍ ሆኖ ለጆሮ እንዲሰማ ግን ወደ 10 ዴሲቤል ይጠይቃል። እኔ ቤት ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረ፣ በየጎኑ 30 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር አለ። ጎረቤት ግድግዳ እስኪመታ ያደርሰኛል።

መለወጫውም እንዲሁ ከስልክ ችግር ተወለደ። እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ፓሪስ ሲሠራ፣ ድምፅ በየማጉያው ባለፈ ቁጥር ጫጫታም አብሮ እንደሚጎላ አስተዋለ። ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ ቢላክስ? ቁጥር ቢደክም እንኳ ተነቦ እንደገና በጥራት ይጻፋል። በ1938 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ ነገር ግን ሐሳቡን በርካሽ የሚፈጽም ትራንዚስተር ገና አልተወለደም። ወደ ሳሎን የደረሰው ሶኒና ፊሊፕስ በ1980 ተስማምተው ሲዲውን ከደነገጉ በኋላ፣ በጥቅምት 1982 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የሚለካ፣ እያንዳንዱ ልክ ከ65,536 ደረጃዎች አንዱ የሆነ ድምፅ። ያን ጊዜ መለወጫ መሥራት ከባድ ነበር። ፊሊፕስ ባለ 14 ቢት መለወጫውን በስሌት አግዞ 16 ቢት አስመሰለው፤ የሶኒ የመጀመሪያ ማጫወቻ አንዱን መለወጫ ለግራና ለቀኝ በፈረቃ አሠራው። ዛሬ ያ ጣጣ የለም፤ በርካሽ የሚሸጥ መለወጫ እንኳ ስሕተቱ ከጆሮ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቦስተን ጥናት አድማጮች ከሲዲ ከፍ ያለ ቅጂንና በሲዲ ልክ እንዲያልፍ የተደረገውን እንዲለዩ 554 ጊዜ ፈትኖ፣ ትክክል የመለሱት ግማሽ ያህል ሆነ። ሳንቲም ወርውረውም ያንኑ ያገኙ ነበር።

እዚህ ስደርስ የእኅቴ ጥያቄ ሌላ መልክ ያዘ። የመለወጫ ሥራ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ቁጥርን ወደ ድምፅ መመለስ ብቻ ሳይሆን ድምፅን ወደ ቁጥር መውሰድም አለ። የመጀመሪያው ጉዳይ ሊጠብቅ ይችላል። ሁለተኛው ግን አይጠብቅም፦ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ማብቂያ፣ የውጭ ስልክ በማይቀመስበት ጊዜ፣ እኅቴ በካሴት ቀድታ በመንገደኛ ትልክልን የነበረው ደብዳቤ በቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። የአንዳንዱ ስፖንጅ ረግፏል፤ ክሩም ተሸብሽቧል።

ዓርብ ደወልሁ። «እትዬ፣ አምፕሊፋየሩን ተዪው። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን አምጪልኝ፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም።»

«የቀረውስ ኪሎ?»

«የፈለግሽውን ሙዪበት።»

ሰፈራችን ያሉት ጋሼ የአሮጌውን አምፕሊፋየር ኮንደንሰሮች ቀየሩ፤ የቴፑን ሄድ በአልኮል አጸዱ፤ «ሰ» የሚለው ድምፅ ጠርቶ እስኪሰማ ትንሿን ብሎን በዊንች ሲያስተካክሉ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። የምቀዳውን በ24 ቢት አደረግሁት፤ ለማዳመጥ 16 ቢበቃም፣ ካሴት መቼ ጮኾ መቼ እንደሚያንሾካሹክ አስቀድሞ አይታወቅምና ለስሕተት ቦታ ይተዋል።

እኅቴ ሻንጣዋን ስትከፍት ከሣጥኑ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። አባታችን ይልክላት የነበሩት መልሶች ናቸው፤ እንዳሉ እንኳ አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ካሴቶች። አሥራ አንዱን ገልብጠናል። የሁለቱ ክር ተበጥሶ ጋሼ እየቀጠሉት ነው። አንዱን ግን እኅቴ እስካሁን ለማጫወት አልፈቀደችም።