ሙቀት የሌለው ብርሃን

ብርሃንና እሳት በሰው ልማድ እንደ መንታ ልጆች አብረው የሚታሰቡ ናቸው። ፋኖስ ቢበራ ጠርሙሱ ይግላል፤ ጧፍ ቢለኮስ ሰሙ ይቀልጣል፤ ፀሐይም ብታበራ ታሞቃለች። ስለዚህ በጨለማ ሣር ውስጥ ብልጭ ድርግም የምትለውን ትንሽ ጢንዚዛ በመዳፉ የያዘ ሰው ይበልጥ የሚያስደንቀው ማብራቷ ሳይሆን፣ ስታበራ አለማቃጠሏ ነው። ከሕያው ፍጥረት አካል የሚወጣ ይህ ቀዝቃዛ ብርሃን ከወዴት ይመጣል? ጥያቄው እጅግ ያረጀ ሲሆን መልሱ ግን የቅርብ ጊዜ ነው፤ የመልሱም ታሪክ ዕውቀት እንዴት እንደሚገኝ ብቻ ሳይሆን፣ የተገኘው ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ለሚቀጥለው ዕውቀት እንዴት መጋረጃ እንደሚሆን ጭምር ያሳያል።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ እንጉዳይና ስለ ዓሣ ራስ ሲናገር፣ በቀን ብርሃን ሳይሆን በጨለማ ብቻ የሚያበሩ ነገሮች መኖራቸውን ጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒዮስም ዛጎል ለብሶ ስለሚኖር አንድ የባሕር ፍጥረት ሲያወራ፣ በሚበሉት ሰዎች አፍ ውስጥ እንደሚያበራ፣ ጠብታውም በእጃቸውና በልብሳቸው ላይ ወድቆ እንደሚያንጸባርቅ ይናገራል። ይሁን እንጂ አይቶ መደነቅና መርምሮ ማወቅ ልዩ ልዩ ናቸው፤ በሁለቱም መካከል ከ1,500 ዓመት በላይ አለፈ።

ምርመራውን በመሣሪያ የጀመረው እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ቦይል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ቦይል አየርን ከመስተዋት ዕቃ መጥጦ የሚያወጣ መሣሪያ ነበረው። በ1667 በጨለማ የሚያበራ የበሰበሰ እንጨት በዕቃው ውስጥ አስቀምጦ አየሩን ባስወጣ ጊዜ፣ የእንጨቱ ብርሃን እየደከመ ሄዶ ጠፋ፤ አየሩን በመለሰ ጊዜ ደግሞ ብርሃኑ ተመለሰ። በሚያበራ ዓሣም ላይ ይህንኑ ፈተነ። ቦይል እንጨቱን ከጋለ ፍም ጋር እያስተያየ ልዩነታቸውን አስተዋለ፤ አየር አጥቶ የጠፋ ፍም አየር ቢያገኝም መልሶ አይግልም፤ እንጨቱ ግን እንደ ቀድሞው ያበራል። ኦክሲጅን የሚባለው የአየር ክፍል ከመታወቁ መቶ ዓመት በፊት፣ ቀዝቃዛው ብርሃን አየር እንደሚያሻው በዚህ ዓይነት ታወቀ። ብርሃኑ የእንጨቱ ሳይሆን በእንጨቱ ላይ የበቀለ የሻጋታ ወገን፣ የዓሣውም ብርሃን በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች መሆኑ የተገለጠው ግን በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

ሁለተኛውን ታላቅ እርምጃ የተራመደው ፈረንሣዊው ራፋኤል ዱቧ ነው። ዱቧ በ1885 በአሜሪካ ሞቃት አገሮች የሚገኘውን አብሪ ጢንዚዛ፣ በ1887 ደግሞ ያንኑ ፕሊኒዮስ ያወራለትን ዛጎል ለባሽ ፍጥረት መረመረ። የሠራው ፈተና ለመናገር ቀላል ነው። የሚያበራውን የአካል ክፍል በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈው፤ ውሃው ጥቂት አብርቶ ጠፋ። ሌላውን ቁራጭ በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈው፤ ይህ ጨርሶ አላበራም። ሁለቱ ውሃዎች ከቀዘቀዙ በኋላ ቢቀላቀሉ ግን ብርሃኑ እንደገና ታየ። ከዚህም የተነሣ በፍጥረቱ አካል ሁለት ነገሮች መኖራቸውን ተረዳ፤ አንደኛው ሙቀትን የሚችልና ብርሃን እየሰጠ የሚያልቅ፣ ሁለተኛው በሙቀት የሚበላሽና የመጀመሪያውን ከኦክሲጅን ጋር የሚያዋሕድ። በላቲን ቋንቋ ብርሃን ተሸካሚ ማለት ከሆነው ቃል አውጥቶ የመጀመሪያውን ሉሲፈሪን፣ ሁለተኛውን ሉሲፈሬዝ ብሎ ሰየማቸው።

ይህ ትምህርት እውነተኛ ነበረ፤ ለብዙ ፍጥረታትም ዛሬ ድረስ እውነት ነው። ነገር ግን በሁለት ፍጥረታት ላይ የታየው ቀስ በቀስ ለሚያበሩት ሁሉ እንደ ሕግ ተቆጠረና፣ አንድ ተመራማሪ አዲስ አብሪ ፍጥረት ባገኘ ቁጥር አስቀድሞ የሚፈልገው ሉሲፈሪኑንና ሉሲፈሬዙን ሆነ። ያላገኘ እንደ ሆነ ጥፋቱን በእጁ እንጂ በሕጉ አይመለከትም ነበር። ይህ መጋረጃ የተቀደደው በጃፓን ተወልዶ ባደገ አንድ ኬሚስት እጅ ነው።

ኦሳሙ ሺሞሙራ የተወለደው በ1928 ነው። ነሐሴ ወር 1945 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በጦርነቱ ምክንያት ከትምህርት ቤት ወጥቶ በኢሳሃያ ከተማ አጠገብ በፋብሪካ ይሠራ ነበር። ከናጋሳኪ ከአሥር ኪሎሜትር በላይ ርቆ ሳለ፣ የአቶሚክ ቦምቡ ብልጭታ በመስኮት ገብቶ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዐይኑን አሳወረው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ጥቁር ዝናም ደበደበው፤ አያቱም ወዲያው ገላውን አጠቡት። ከጦርነቱ በኋላ የናጋሳኪ የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት ቤት ሕንፃው ስለ ወደመ ወደ ኢሳሃያ ተዛውሮ ነበርና፣ ወጣቱ ለቤቱ የቀረበው እሱ በመሆኑ ብቻ ገባበት። ኬሚስት የሆነው እንግዲህ በምርጫ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው ለማለት ይቻላል።

በ1955 ወደ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ፕሮፌሰር ዮሺማሳ ሂራታ ኡሚሆታሩ የምትባለውን፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል አብሪ የባሕር ፍጥረት ሉሲፈሪን አጥርቶ ክሪስታል እንዲያደርገው ሥራ ሰጠው። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ለማድረግ ብዙ ዓመት ደክመው አልተሳካላቸውም ነበር። ሉሲፈሪኑ አየር በነካው ቁጥር ስለሚበላሽ፣ ሺሞሙራ ሥራውን ሁሉ በሃይድሮጅን በተሞላ ዕቃ ውስጥ ማከናወን ነበረበት፤ 500 ግራም የደረቀ ኡሚሆታሩም ጥቂት ሚሊግራም ብቻ ይሰጠው ነበር። ከአሥር ወር ድካም በኋላ በ1956 አንድ ሌሊት፣ የተረፈውን ፈሳሽ ለሌላ ምርመራ ብሎ ብርቱ አሲድ ጨምሮበት አሳደረው። በማግሥቱ ቢመለከት ከዕቃው ሥር ቀያይ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ተገኙ። ይህ ሥራ ስሙን ከባሕር ማዶ አሰማለትና በ1960 ፕሮፌሰር ፍራንክ ጆንሰን ወደ ፕሪንስተን ጠራው።

የጆንሰን ጥያቄ ሌላ ነበር። በሰላማዊው ውቅያኖስ ዳር፣ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው ፍራይዴይ ሃርበር ወደብ፣ በበጋ ወራት ኤኮሪያ የምትባል ጄሊፊሽ በብዛት ትታይ ነበር። ጄሊፊሽ አጥንት የሌለው፣ እንደ ጃንጥላ ክፍት ክድን እያለ የሚንሳፈፍ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ኤኮሪያም ስትነካ ከጃንጥላዋ ጠርዝ ዙሪያ አረንጓዴ ብርሃን ትሰጣለች። በ1961 በጋ ሁለቱ ሰዎች የአሜሪካን ምድር ከዳር እስከ ዳር በመኪና አቋርጠው ወደዚያ ሄዱ። ጄሊፊሾቹን በመረብ እየጨለፉ፣ የሚያበራውን ጠርዝ በመቀስ እየቆረጡ፣ በጨርቅ እየጨመቁ እንደ ልማዱ ሉሲፈሪንና ሉሲፈሬዝ ፈለጉ፤ ምንም አላገኙም። ሺሞሙራ ይህን ፍለጋ መተው ይሻላል አለ። ጆንሰን አልተስማማም። ከዚያ ወዲያ በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሠራ። በዕድሜና በማዕረግ ለሚበልጥ፣ ያውም ከሩቅ አገር ላስመጣ ፕሮፌሰር እንዲህ ብሎ መመለስ ለአንድ እንግዳ ወጣት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጆንሰንም ተቃውሞውን ችሎ ጠረጴዛ መስጠቱ ሊመሰገንበት ይገባል።

ሺሞሙራ በትንሽ ጀልባ ላይ ተኝቶ እየተንሳፈፈ ብዙ ቀን አሰበ። በመጨረሻ የመጣለት ሐሳብ እንዲህ ነው፤ የሚያበራው ነገር ምንም ይሁን ምን ፕሮቲን ሳይኖርበት አይቀርም፤ ፕሮቲን ከሆነም በመጠኑ አሲድ በሆነ ውሃ ውስጥ ሥራውን ያቆማል። ፈተነው፤ ብርሃኑ ቆመ። አሲዱን በሶዳ ቢያበርደው ብርሃኑ በጥቂቱ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ የቀረውን ፈሳሽ ወደ መታጠቢያው ገንዳ ደፋው፤ ገንዳውም ከውስጥ በኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ። ከዓሣ ማኖሪያው ዕቃ ተርፎ የሚፈሰው የባሕር ውሃ ወደዚያው ገንዳ ይወርድ ነበር። በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብሎ ሲመረምር ካልሲየም ሆኖ ተገኘ። ያን በጋ ከተሰበሰቡት 10,000 ያህል ጄሊፊሾች 5 ሚሊግራም የሚሆን ጥሩ ፕሮቲን ተጣርቶ ወጣ፤ ስሙም ኤኮሪን ተባለ። ኤኮሪን ሉሲፈሬዝ አይሻም፤ ካልሲየም ሲነካው ብቻውን ያበራል።

እዚህ ላይ አንባቢ የቦይልን እንጨት ያስታውስ ይሆናል። ጄሊፊሿ አየር በሌለበትም ታበራለችና ነገሩ ቦይልን የሚያስተባብል ይመስላል። ነገር ግን ኤኮሪን ኦክሲጅኑን አስቀድሞ ወስዶ በውስጡ አሳድሮት ይቆያል፤ ካልሲየም ሲመጣ የተቀመጠው ይፈታል። እንግሊዛዊው ሊቅ አልተሳሳተም፤ ጄሊፊሿ ስንቋን ቀደም ብላ ቋጥራ ኖሯል።

ከኤኮሪን ጋር ሌላም ፕሮቲን በጥቂቱ ተገኝቶ ነበር። ኤኮሪን ሰማያዊ ሲያበራ ጄሊፊሿ አረንጓዴ የምታበራው፣ ይህ ሁለተኛው ፕሮቲን ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ ስለሚመልሰው ነው። በ1962 በታተመው ጽሑፍ እንዲያው በመንገድ የተጠቀሰ ነገር ነበር። በ1992 ዳግላስ ፕራሸር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ የዚህን ፕሮቲን የዘር ቅንጣት ለይቶ አወጣ፤ ሆኖም ሥራውን የሚያስቀጥል ገንዘብ ስላጣ፣ ያገኘውን ለጠየቁት ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቺየን ሰጠ። ቻልፊ በ1994 ቅንጣቱን በባክቴሪያና በትንሽ ትል ውስጥ አስገብቶ አረንጓዴ ሲያበሩ አሳየ፤ ቺየንም ልዩ ልዩ ቀለማት አወጣለት። ከዚያ ወዲህ የነርቭን አስተዳደግና የካንሰርን መስፋፋት በሕያው አካል ውስጥ በዐይን መከታተል ተቻለ። ሺሞሙራ፣ ቻልፊና ቺየን በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ፣ ፕራሸር በአላባማ ግዛት በአንድ የመኪና መሸጫ የደንበኞች ማመላለሻ ነጂ ሆኖ ይሠራ ነበር። ሁለቱ ባለ ሽልማቶች ለበዓሉ ወደ ስቶክሆልም ጋበዙት። ግብዣው የሚያስመሰግን ነው፤ የእንዲህ ያለ ሰው እጅ ከሥራው መለየቱ ግን በግብዣ የሚካስ አይመስለኝም።

ሺሞሙራ በ2018 ዐረፈ። እሱና ረዳቶቹ በብዙ በጋዎች ከፍራይዴይ ሃርበር የሰበሰቡት ጄሊፊሽ 850,000 ያህል ነው። እነዚያ ጄሊፊሾች ከ1990 በኋላ በዚያ ወደብ እጅግ ጥቂት ሆኑ፤ ያን አረንጓዴ ፕሮቲን ከራሷ ከጄሊፊሿ አጥርቶ ለማውጣት የሚበቃ ያህል አይገኝም ነበር።