መንጃ የሌለውስ በምን ይታወቅ?

ሕጉ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል፡፡ እኛ መንጃ ፈቃድ እንለዋለን፡፡ ኬላ ላይ «መታወቂያ!» ስንባል ግን ያለን ሰዎች ቀድመን የምንመዘው እሱን ነው፡፡ ለምን? ትንሽ ወደኋላ እንመለስ፡፡

ቀበሌ የደርግ ልጅ ነው፡፡ በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች የገበሬ ማኅበርንና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን ፈጠሩ፡፡ ቀበሌው በሱቁ ራሽን ያከፋፍላል፣ ነዋሪውን ይመዘግባል፣ ለመንገደኛው የይለፍ ወረቀት ይጽፋል፡፡ መታወቂያው ማገልገያም መቆጣጠሪያም ነበር ማለት ነው፡፡

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አስተዳደሩ በብሔር ሲዋቀር ካርዱ ላይ የምትጻፈው «ብሔር» የምትል መስመር ሌላ ክብደት አገኘች፡፡ ጨፋ ሮቢትን እንውሰድ፡፡ ከከሚሴ በስተሰሜን፣ በአዲስ አበባ – ደሴ መንገድ ላይ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት፡፡ በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዞኑ ሰው ሲገደልና ሲፈናቀል፣ በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ሰው ያቺ መስመር ምን ያህል እንደምታስፈራ መገመት አያቅትም፡፡ መንጃ ፈቃድ ላይ ደግሞ መስመሯ የለችም፡፡

ታዲያ መንጃ ፈቃድ ለሁሉም ይታደል? አይሆንም! የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 600ም ሆነ እሱን የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ዕድሜን፣ ትምህርትን፣ ጤንነትንና ሥልጠናን መስፈርት አድርገዋል፡፡ መሪ ለሚጨብጥ ሰው ተገቢ ነው፡፡ ችግሩ መንጃ ፈቃድ የመታወቂያን ቦታ ሲይዝ ነው፤ የመንዳት መስፈርት በሰውነት የመታወቅ መስፈርት ይሆናል፡፡ በበጋ ሣርና ውኃ ፍለጋ ወደ ቦርከና ዳርቻ፣ ወደ ጨፋ ረግረግ የሚወርደው የአፋር፣ የኦሮሞ ወይም የአርጎባ አርብቶ አደር የሚነዳው ከብት ነው፡፡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከቀበሌ መሸኛ አያጽፍም፡፡ እሱስ በምን ይታወቅ?

በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለዚህ ጥያቄ ይቀርባል፡፡ ባለ12 አሃዝ ቁጥር ነው፤ ፎቶ፣ የጣት አሻራና የዓይን አይሪስ ይወስዳል፤ ብሔር አይጠይቅም፡፡ ነገር ግን የቀበሌው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ለአገልግሎት የተሰጠ ካርድ መከልከያም ይሆናል፡፡ ፋይዳ የሌለው ሰው አገልግሎት አያገኝም ከመባሉ በፊት መመዝገቢያው መሣሪያ ከተማ ውስጥ ከመጠበቅ ይልቅ በበጋው ወደ ጨፋ ረግረግ ይውረድ፡፡ መንጃ ፈቃዱም ወደ ሥራው፣ ወደ መሪው ይመለስ፡፡