ለሽንት ቤት የወጣው ገንዘብ ልጆችን አድኗልን?

ለትውልድ ቀበሌዎ ሽንት ቤት ማሠሪያ መዋጮ ተጠይቀው ያውቁ ይሆናል። እራት ተዘጋጅቶ፣ ሎተሪ ተሸጦ፣ ገንዘቡ ከተላከ በኋላ አንድ ፎቶግራፍ ይደርሰናል፤ አዲስ ቆርቆሮና በኖራ የተቀባ ግድግዳ። እናጨበጭባለን። ነገር ግን ያ ገንዘብ የተዋጣው ሕፃናት በተቅማጥ እንዳይሞቱ ነበር፤ ስለ እነርሱ ፎቶግራፉ የሚነግረን የለም። ጉድለቱ የእኛ ብቻ አይደለም። ትልልቅ መንግሥታትም ለብዙ ዓመታት ሲቆጥሩ የኖሩት ጉድጓዱን እንጂ ልጁን አልነበረም።

ህንድን እንመልከት። መንግሥቷ ለገጠር ሽንት ቤት ድጎማ መስጠት የጀመረው በ1986 ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በኦዲሻ ግዛት ከ2010 እስከ 2013 በተካሄደ ጥናት 100 መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ለ50ዎቹ ሽንት ቤት እንዲሠራ ተደረገ። በእነዚህ መንደሮች ሽንት ቤት ያለው ቤተሰብ ከመቶ 9 ወደ 63 ከፍ አለ። ለጋሽ ሁሉ የሚመኘው ዘገባ ነው! ይሁን እንጂ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች በ7 ቀን ውስጥ ተቅማጥ የያዛቸው፣ በተሠራላቸው መንደሮች ከመቶ 8.8፣ ባልተሠራላቸው 9.1 ሆነው ተገኙ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ከሽንት ቤቶቹ ብዙዎቹ ያላለቁ ወይም ሰው የማይገባባቸው ነበሩ። ዝንብም አጥር አያውቅም፤ የእርስዎ ልጅ የሚታመመው በጎረቤት ዓይነ ምድር ጭምር ነው።

ይህ ጥናት ከመደረጉ አሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በድጎማው ላይ ጥያቄ ያነሡ ሰው ነበሩ። ካማል ካር የተባሉ ህንዳዊ ባለሙያ በ1999 መጨረሻ ባንግላዴሽ ውስጥ ራጅሻሂ በሚባል አካባቢ በድጎማ የሚካሄድ የሽንት ቤት ሥራ እንዲገመግሙ ተጋበዙ። የግምገማቸው መደምደሚያ ድጎማው ይቁም የሚል ሆነ። በምትኩ ነዋሪዎቹ የመንደራቸውን ካርታ መሬት ላይ ሥለው፣ ማን የት እንደሚጸዳዳ በራሳቸው እጅ ያመለክታሉ፤ ሜዳውንም አብረው ዞረው ያያሉ። የቀረውን እፍረት ይሠራዋል። በእፍረት ማሠራት ለእኔ ሙሉ በሙሉ የሚዋጥልኝ ነገር አይደለም፤ ድኻው ከሀብታሙ ይበልጥ ያፍራልና።

ማሊ ውስጥ ይኸው ዘዴ ከ2011 እስከ 2013 በ121 መንደሮች ሲፈተን፣ ያለ ድጎማ የራሱ ሽንት ቤት ያለው ቤተሰብ ከመቶ 65 ደረሰ፤ ዘዴው ባልገባባቸው 35 ነበር። ተቅማጡ አልቀነሰም፤ ልጆቹ ግን በቁመት ብልጫ አሳዩ። ደስታው አልቆየም። በ2018 ከባንግላዴሽና ከኬንያ፣ በ2019 ከዚምባብዌ የወጡት ጥናቶች በቁመት ላይ ለውጥ አላገኙም።

የተሻለ ወሬ የመጣው ከብራዚሏ ሳልቫዶር ከተማ ነው። እዚያ መንግሥት ተበድሮ የፍሳሽ መስመር በከተማው ዘርግቶ፣ ተጠቃሚውን ቤተሰብ ከመቶ 26 ወደ 80 አደረሰ። የሕፃናት ተቅማጥም ከመቶ 22 እጅ ቀነሰ። የሚነጻጸር ሌላ ከተማ አልነበረም፤ ቢሆንም ሥራው ከአንድ አጥር አልፎ ሰፈሩን በሙሉ ማዳረሱ ልብ ይባል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1990 ከአሥር ሰው ዘጠኙ ሜዳ ላይ ይጸዳዳ የነበረበት አገር በ2015 ወደ ሦስት ገደማ መውረዱን የተባበሩት መንግሥታት ቆጠራ ያሳያል። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሴት ሠራተኞቹን በየቤቱ ልኮ አስተማረ፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ግን ገበሬው ራሱ ነው፣ በአብዛኛው ያለ ሰው ሳንቲም። በዚያው ዘመን ከ1000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ200 ገደማ ወደ 60 ገደማ ወረዱ። ለሽንት ቤቱ ብቻ እንዳንሰጠው ክትባቱም፣ እህሉም፣ መድኃኒቱም አለ። ደግሞም ብዙው ጉድጓድ በእንጨትና በአፈር የተከደነ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ይደረመሳል። የውጭ ገንዘብ ቦታ ካለው፣ በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው፤ ጉድጓዱን ገበሬው ይቆፍር፣ የሲሚንቶ ክዳኑን እኛ እንግዛ፤ ለአንድ ቤት ሳይሆን ለመንደሩ ሁሉ።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውልልዎ፣ ከፎቶግራፉ ጋር የጤና ኬላውን መዝገብ ቅጂ ይጠይቁ፤ በተቅማጥ የመጡት ሕፃናት ከሥራው በፊት በነበረው ክረምት ስንት፣ ከሥራው በኋላ ባለው ክረምት ስንት እንደሆኑ። ምንም ያልተሠራለትን የጎረቤት ቀበሌ ቁጥርም አብረው ያስልኩ።