የሬዲዮው ግራ ጫፍ

ነገሩ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈው። ለአጭር ሥልጠና አሜሪካ ሄጄ፣ በአንዲት መካከለኛ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሬዲዮውን መዘውር እያሽከረከርኩ አነጋለሁ። ወደ ቀኝ ስወስደው ማስታወቂያ፣ ወደ መሐል ስመልሰው ያው ማስታወቂያ፤ በመካከሉ ጣቢያዎቹ ሁሉ ተማክረው የመረጧቸው የሚመስሉ ጥቂት ዘፈኖች ይመላለሳሉ። አንድ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰባት ሰዓት በኋላ፣ ወደ ግራው ጫፍ ገፋሁት። ብረት በብረት የሚፋቅ የሚመስል የጊታር ጩኸት! "ይኼ ደግሞ ምን ጉድ ነው?" ብዬ ላጠፋው እጄን ስሰድ ጩኸቱ አበቃ። ከዚያ የነሐስ መሣሪያዎች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ መጣ።

አልዋሽም፣ ተነስቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንድ እንቅልፋም ድምፅ የዘፋኙን ስም ጠራ። ከስሙ ሁለት ፊደል ገድሎበታል። ቢሆንም ጠራው።

በማግስቱ ጣቢያውን ፈልጌ አገኘሁት። ምድር ቤት ነው። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በሸክላና በሲዲ ተሞልቷል፤ ሶፋው ስንት ትውልድ እንደተኛበት ያስታውቃል። ልጁም እዚያው ነበር፤ የሃያ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ስነግረው መጀመሪያ ያደረገው ስሙን በትክክል እንዳስጠናው መጠየቅ ነበር። ከዚያ ዲስኩን አሳየኝ። "ኤረ መላ መላ" ይላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ያወጣው ነው። ሽፋኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ በሦስት የተለያዩ ሰዎች እጅ ተጽፎበታል። አንዱ "ከመጀመሪያው ጀምሩ" ይላል። ሁለተኛው "ሌሊት ብቻ ለምን? ቀንም አጫውቱት" ብሏል። ሦስተኛው ያኛውን የሚሳደብ ነው፤ ይቅር።

የተማሪዎች ጣቢያ ሙዚቃ የሚመርጠው እንዲህ ነው ለካ። ዲስኩ በፖስታ ይመጣል። የሙዚቃ ኃላፊው ለበጎ ፈቃደኞች ያከፋፍላል። አንዱ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው ያዳምጥና አስተያየቱን ጽፎ ይለጥፋል፤ ጸያፍ ቃል ካለም ምልክት ያደርጋል። ይህ ምልክት የዋዛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በጸያፍ ስርጭት ካስጠነቀቃቸው ሦስት ጣቢያዎች አንዱ የሳንታ ባርባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጣቢያ ነበር። የተመረጠው አዲስ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በብዙ ጣቢያዎች አቅራቢው በየሰዓቱ ከዚያ መደርደሪያ የተወሰነ ቁጥር የማጫወት ግዴታ አለበት፤ የቀረው የራሱ ነው።

እኔ "ነፃ ናቸው፣ ያሻቸውን ያጫውታሉ" ብዬ ነበር። ነፃነቱ የቤት ሥራ ነበረው።

ልጁ አንድ ሰዓት የአገሬን ሙዚቃ እንዳቀርብ ጋበዘኝ። ደስ ብሎኝ ዝርዝር ጽፌ ሄድኩ። ጥላሁን፣ ብዙነሽ፣ ራሱ ማሕሙድ። (እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አያውቅምና ንግግሩን በአንተ ልተርጉመው።)

"እነዚህ አገርህ ውስጥ በሬዲዮ ይሰማሉ?" አለኝ።

"ሌት ተቀን!"

"ጥሩ። ታዲያ የማይሰማው የትኛው ነው?"

ይህ ጥያቄ ኋላም አልለቀቀኝም። እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። ለዓመታት ተማሪዎቼ የሚያነቧቸውን መጻሕፍት የመረጥኩ እኔ ነበርኩ፤ በእውነት ከተነጋገርን ግን አልመረጥኩም። መምህሮቼ የሰጡኝን ዝርዝር እንዳለ አሳለፍኩ። አንዲት ደራሲ፣ አንድ የክፍለ ሀገር ገጣሚ ጨምሬ ወረቀት አልለጠፍኩም።

ለመሆኑ ይህ የግራ ጫፍ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1936 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በማደሪያቸው ሽቦ ዘርግተው ጀመሩት። በ1945 መንግሥት ከኤፍ ኤም መስመር የታችኛውን ጫፍ፣ ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርዝ ያለውን፣ ለትርፍ ላልቆሙ የትምህርት ጣቢያዎች ከለለው። በ1948 ደግሞ በ10 ዋት ማሰራጨት ተፈቀደ። አሥር ዋት ማለት ከግቢው ብዙም የማይርቅ ድምፅ ነው። ያን ጊዜ ኤፍ ኤም የሚያዳምጠው ሰው ጥቂት ስለነበር ሞገዱ ገንዘብ አያመጣም፤ ገንዘብ የማያመጣ ነገር ደግሞ ለልጅ ቢሰጥ የሚቆጣ የለም።

ልጆቹ ግን ሠሩበት። የአቴንሱ አር ኢ ኤም ትልልቆቹ ጣቢያዎች ከቁብ ሳይቆጥሩት የተማሪ ጣቢያዎች ያሳደጉት ባንድ ነው። በሲያትል ኬ ሲ ኤም ዩ ይባል የነበረው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ማይክሮፎኑ ፊት ካስቀመጣቸው አቅራቢዎች አንዱ የሳውንድጋርደኑ ጊታሪስት ኪም ታዪል ነበር። በ1988 የኒርቫናው ከርት ኮቤይን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ለዚሁ ጣቢያ ሰጥቶ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ሲጠብቅ ሲዘገዩበት፣ ከመንገድ ስልክ ደውሎ የራሱን ዘፈን እንደ ተራ አድማጭ "ጋብዙኝ" አለ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1992 መጀመሪያ፣ የኒርቫና አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ወጣ።

ታዲያ እዚህ ላይ ጣጣ መጣ። መድረክ ያጣውን እናሰማለን ሲሉ ያሰሙት ሁሉ መድረኩን ያዘ። አንዳንዱ ጣቢያ ዝነኛ የሆነውን ወዲያው ከመደርደሪያ ያወርድ ጀመር። እኔ ይህን አልወደውም። ሰው ስለወደደው ብቻ መጣል ከሰው ጋር ተከትሎ ከመውደድ በምን ይሻላል? ሁለቱም ዘፈኑን አልሰሙትም። ደግሞም የተማሪ ጣቢያዎች ያጫወቱትን እየሰበሰበ ደረጃ የሚያወጣ ሲ ኤም ጄ የሚባል ሕትመት ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነበር። ሠንጠረዥ ጠልተው የሸሹ ልጆች የራሳቸው ሠንጠረዥ ነበራቸው ማለት ነው። እኛስ በየቡና ቤቱ "ንግድ ነው" እያልን የምንንቀውን ካሴት ቤታችን ገብተን ስንከፍት አልኖርንም?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የሂዩስተኑ ኬ ቲ አር ዩ ታሪክ ነው። የራይስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1967 ከማደሪያቸው ጀመሩት። በ1991 ጉልበቱ 50 ሺህ ዋት ደረሰ፤ የግቢ ድምፅ የነበረው የከተማ ድምፅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ምን ይተላለፍ የሚለው ጥያቄ የልጆች ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው የስፖርት ውድድሮቹ በብዛት እንዲተላለፉ ፈለገ፤ ልጆቹ "ሙዚቃችን ተገፋ" አሉ። በኅዳር 2000 መጨረሻ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ጨዋታ በሚተላለፍበት ሰዓት አቅራቢዎች ሙዚቃ ደረቡበት። ዩኒቨርሲቲው ጣቢያውን ለጥቂት ቀናት ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ምሽት ከአስተዳደሩም ከልጆቹም ይልቅ ያሳዘኑኝ ተጫዋቾቹ ናቸው። በሬዲዮ ቦታ የሌላቸው እነሱም ነበሩና። ይሁንና በሩን የዘጋው ሰው ለእነሱ ተጨንቆ ከነበር፣ ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው አይሆንም ነበር። በ2010 ዩኒቨርሲቲው ሞገዱን፣ ፈቃዱንና ማሰራጫውን በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ሊሸጥ መስማማቱን አስታወቀ፤ በ2011 አስረከበ። ገዢው ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክላሲካል ሙዚቃ አስገባበት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እርሱም ለመንፈሳዊ መዝሙር ጣቢያ ሸጠው። በዚያው 2011 የሳን ፍራንሲስኮው ኬ ዩ ኤስ ኤፍና የናሽቪሉ ደብልዩ አር ቪ ዩ ሞገዶቻቸው ተሸጡ። ፈቃዱ በተማሪዎቹ ስም አልነበረም። ከዘፈን መርጠዋል፤ ጣቢያው ይኑር አይኑር የሚለውን ግን የመረጠው ሌላ ነው። የራይስ ልጆች በኢንተርኔት ቀጠሉ፤ በ2015 በአነስተኛ ጉልበት ወደ ኤፍ ኤም ተመለሱ፤ ከ50 ሺህ ዋት ወደ ግቢና ወደ ጎረቤት።

የእኔን አንድ ሰዓት ሳልነግራችሁ። ዝርዝሬን ቀድጄ ዋሽንግተን ላለች የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። የእናቷን የበገና ካሴት በፖስታ ላከችልኝ። ሌሊቱን ከአንድ የጊታር ጩኸት ቀጥሎ በገናውን ለቀቅነው። የስቱዲዮው ስልክ ድምፅ የለውም፤ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። አነሳሁ። የሌሊት ጥበቃ ነኝ ያለ ሰው ነው። "ያ እንደ ንብ የሚያናግረው ሕብረቁምፊው ነው ወይስ ሬዲዮዬ ተበላሽቶ ነው?" አለኝ። እንዝራ ስለምትባለው፣ ክሩ ሥር ስለምትገባው ቁራጭ ቆዳ አስረዳሁት። ጥቂት ዝም አለና፣ "እንግዲያው ድጋሚ ልቀቁት" አለ።

ልጁ ቅጂ ወሰደና እስክሪብቶና ትንሽ ወረቀት ሰጠኝ። መጀመሪያ በአማርኛ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ፦ "ሬዲዮው አልተበላሸም፤ እስከ መጨረሻው አጫውቱት።"