ለዓይን ቁጥር፣ ለኮምፒውተር ተራ ጽሑፍ፡ ሒሳብን በዝምታ የሚያዛባው የኮድ ችግር

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ አንድ ነጋዴ የዕለት ሽያጩን 250,000 ሺልንግ ብሎ ቢመዘግብ ለአንባቢ የሚያሻማ ነገር የለውም። ትልቁ የአገሪቱ የወረቀት ገንዘብ 50,000 ሺልንግ በመሆኑ፣ ኮማ የገባባቸው ረጃጅም ቁጥሮች በከተማዋ የተለመዱ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ይህ የምልክቶች ተርታ እንጂ መጠን አይደለም።

ጽሑፉን «ፓርስኢንት» በተባለው የጃቫስክሪፕት ትዕዛዝ ወደ ቁጥር የሚቀይር ፕሮግራም ኮማው ላይ ሲደርስ ንባቡን አቁሞ 250 የሚል ውጤት ይሰጣል። ማስጠንቀቂያ የለውም። የፓይተኑ «ኢንት» በአንጻሩ ስህተት መኖሩን አሳውቆ ይቆማል። ሁለተኛው አሰልቺ ቢመስልም ጉዳቱ ያነሰ ነው። በመጀመሪያው የጎደለው 249,750 ሺልንግ የሚታወቀው ሒሳቡ አልገጥም ሲል ነውና።

የማይታዩ ምልክቶች

ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደልና አሃዝ በኮድ ያስቀምጣል። ለምሳሌ «5» የተባለው ምልክት በዩኒኮድ ኮዱ 53 ነው። ፋይሉ በተጻፈበት ሥርዓት ካልተነበበ ግን ይዘቱ ይዛባል። በዩቲኤፍ-16 አንድ አሃዝ ሁለት ባይት ሲይዝ አንደኛው ባይት ዜሮ ነው። ይኸው ፋይል በዩቲኤፍ-8 ቢከፈት በአሃዞቹ መካከል ስውር ምልክቶች ይገባሉ።

ኤክሴል በዩቲኤፍ-8 የሚያስቀምጣቸው የሠንጠረዥ ፋይሎችም መጀመሪያቸው ላይ ሦስት ባይት የሚይዝ ስውር ምልክት ሊኖራቸው ይችላል። ፓይተን ይህን ምልክት ከመጀመሪያው አሃዝ ጋር አጣብቆ ስለሚያነበው መቀየሩ ይከሽፋል። ፋይሉን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» በሚለው አማራጭ መክፈት ችግሩን ይፈታል።

የግዕዝ ቁጥሮች

በካምፓላ የካባላጋላ ሰፈር በኢትዮጵያና በኤርትራ ምግብ ቤቶቹ ይታወቃል። በአማርኛ በሚያዝ መዝገብ ላይ የግዕዝ ቁጥር ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሳል።

ቀደም ሲል የአማርኛ ፎንቶች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ይሆን ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ከተካተተ ወዲህ የጋራ ኮድ አለው። ቁጥሮቹም አብረው ገብተዋል።

ይሁንና 20ዎቹ የግዕዝ ቁጥር ምልክቶች ዜሮ የላቸውም፤ ዋጋቸውም በቦታቸው ብቻ አይወሰንም። ፲፱፻፺፱ን ለማስላት አሥርና ዘጠኝ ተደምረው በመቶ ይባዛሉ፤ ከዚያም ዘጠናና ዘጠኝ ይታከላሉ፤ ውጤቱ 1999 ነው። በዚህም የተነሳ ዩኒኮድ ከአሥርዮሽ አሃዞች ተርታ አልመደባቸውም።

ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። የፓይተኑ «ኢዝዲጂት» ፫ን አሃዝ ነው ብሎ ሲያሳልፍ «ኢንት» ግን አይቀበለውም። ለዚህ ማጣሪያ ተገቢው «ኢዝዴሲማል» ነው።

የመፍትሔው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ፋይሉ የተጻፈበትን የኮድ ሥርዓት ማረጋገጥ ይገባል። ቀጥሎ ስውር ምልክቶችንና ኮማዎችን ማስወገድ፣ የግዕዝ ቁጥሮችንም በራሳቸው የስሌት ደንብ መቀየር ያስፈልጋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ያልተቀየረ ጽሑፍ ቢገኝ ለብቻው ተለይቶ በሰው መታየት አለበት። በዜሮ መተካት ስህተቱን አያርመውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ።